«ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው»፦ ወሬኛው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2005 ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን። የአሜሪካ ተወካዮች ስለ ኢራቅ ጦርነት ይጯጯሃሉ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ጋሼ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ፣ «ጦሩ ይውጣ» የሚለው ሰው ሲናገር ራሳቸውን ነቀነቁና «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው!» ብለው ቡናቸውን አነሡ። ማንም መልስ አልሰጠም። የዚህ አባባል ጠባዩ ይኸው ነው፤ አንዴ ከተሰነዘረ ክርክር ያበቃል። እኔም ለሽበታቸው ስል ዝም አልኩ እንጂ አልተስማማሁም።

አባባሉ ሲሞላ «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል» ነው። በጦር ከተበተነው ሰው ይልቅ ወሬ ሰምቶ የተበተነው ይበዛል ማለት ነው። ጣዕሙ ግን ያለው ቃላቱ ውስጥ ነው። የሚፈታ ነገር የታሰረ ነገር ነው፤ በሬ ከቀንበር ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ ሠራዊትም ይፈታል። «አገሩ ተፈታ» ሲባል ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ ማለት ነው። የድሮውን ሠራዊት አንድ ላይ ያሰረው የደመወዝ መዝገብ ሳይሆን ለጌታው ያለው ታማኝነት ነበር። ጌታው ወደቀ ከተባለ ቋጠሮው ላላ ማለት ነው፤ የወደቀው አንድ፣ የሚበተነው ሺህ።

«ወሬ» የሚለው ቃል ደግሞ ዛሬ ተዋርዷል። ሐሜት፣ አሉባልታ፣ የሥራ ፈት ጨዋታ ሆኗል። የቀድሞ ሰው ግን ወሬ ሲል የሚሰማውን ዜና ሁሉ፣ እውነቱንም ውሸቱንም ማለቱ ነበር። «ወሬ ነጋሪ አልተረፈም» ስንል ሐሜተኛ ሁሉ አለቀ ማለታችን አይደለምና።

ለዚህ አባባል ከመተማ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የሱዳኑን ድርቡሽ መተማ ላይ ገጠሙ። ሠራዊታቸው ምሽጉን ጥሶ ገብቶ ወደ ድል ተጠግቶ ነበር። በመካከሉ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። መቁሰላቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲዛመት ሲያሸንፍ የዋለው ጦር ወደኋላ ማለት ጀመረ፤ ዐፄውም በቁስሉ ሞቱ። አስከሬኑን ይዞ የሚመለሰውን ወገን ድርቡሽ ተከታትሎ አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሰበት፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። እዚህ ላይ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ወሬው ውሸት አልነበረም። ንጉሡ በእርግጥ ቆስለዋል። ያን ሁሉ ጦር የፈታው የነጋሪው ክፋት ሳይሆን ድሉ በአንድ ሰው እስትንፋስ ላይ ተንጠልጥሎ መዋሉ ነበር።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ እንመለስ። «ጦሩ ይውጣ» ያሉት ሰው ጆን መርታ ይባላሉ፤ የፔንሲልቫኒያ ተወካይ፣ ዴሞክራት፣ በማሪን ጦር 37 ዓመት ያገለገሉና ቬትናም ላይ የቆሰሉ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ፈሪ ማለት ይከብዳል። ሆኖም በማግስቱ የኦሃዮዋ ሪፐብሊካን ጂን ሽሚት ተነሥተው፣ አንድ ኮሎኔል የላኩት መልእክት ነው በሚል፣ ፈሪዎች ጥለው ይሸሻሉ፣ ማሪን ግን በፍጹም አይሸሽም ሲሉ ተናገሩ። ምክር ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ ሴትዮዋም ቃላቸውን ለማንሣት ተገደዱ። የዚያኑ ዕለት ሪፐብሊካኖች «ጦሩ አሁኑኑ ይውጣ» የሚል፣ መርታ ካቀረቡት የተለየ የውሳኔ ሐሳብ ራሳቸው አርቅቀው ራሳቸው ጣሉት። ውጤቱ 403 ለ3 ሆነ፤ መርታም የተቃውሞ ድምፅ ሰጡ። ዓላማው ጦር ማውጣት ወይም ማስቀረት ሳይሆን ባላጋራን «ወሬ የፈታው» ብሎ ማስመዝገብ ነበር።

ዴሞክራቶቹም ቢሆኑ ወሬ ሲመጣላቸው መርጠው ነው የሰሙት። በ2007 ኤፕሪል የሴኔቱ የብዙኃኑ መሪ ሃሪ ሪድ ጦርነቱ ከእጃችን ወጥቷል አሉ። በሴፕቴምበር ኢራቅ ያለውን የአሜሪካ ጦር ያዝዙ የነበሩት ጄኔራል ዴቪድ ፔትሬየስ መጥተው ግጭቱ እየቀነሰ ነው ብለው መሰከሩ። ገና ሳይናገሩ የጦርነቱ ተቃዋሚ የሆነ አንድ ቡድን በጋዜጣ ማስታወቂያ ስማቸውን በቃላት ጨዋታ ወደ ከሐዲነት ለውጦ ጠበቃቸው። ሴኔቱ ማስታወቂያውን 72 ለ25 አወገዘ፤ ስለ ጦርነቱ ራሱ ግን ያን ያህል መስማማት አልቻለም። በቬትናም ዘመን እንኳ የሁለቱ ፓርቲ ደጋፊዎች በአንድ ጦርነት ላይ እንዲህ አልተራራቁም ነበር። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይባል የለ? እነዚህ ግን ወሬ ሲነገራቸው የጨመሩበት ፓርቲ ነው።

ጋሼ ሳያነሡት የቀሩት ደግሞ የመጀመሪያውን ወሬ ነው። በኦክቶበር 2002 ተወካዮቹ 296 ለ133፣ ሴኔቱ 77 ለ23 በሆነ ድምፅ ለፕሬዚዳንቱ የጦርነት ሥልጣን የሰጡት ሳዳም ሁሴን ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለው ተብሎ ነው። ከ50ዎቹ ዴሞክራት ሴናተሮች 29ኙ ደግፈዋል። በፌብሯሪ 2003 የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓውል ይህንኑ ወሬ ይዘው የተባበሩት መንግሥታት ጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀረቡ፤ በማርች ጦርነቱ ተጀመረ። መሣሪያው ግን ተፈልጎ አልተገኘም። ፓውል ራሳቸው በኋላ ያን ንግግር በታሪካቸው ላይ የተጣለ ጥቁር ነጥብ ብለውታል።

አባባሉ «ወሬ የፈታው» ይላል እንጂ «ጦርነት የተቃወመው» ወይም «እውነት የተናገረው» አይልም። በትክክለኛ ቦታው ሲነገር የሚገሥጸው ያልተጣራ ነገር ሰምቶ የሚበረግገውን ነው፤ ሐሰተኛ ወሬ ሰምቶ ወደ ጦርነት የሚሮጠውም በረገገ ከተባለ ያው ነው። ጆን መርታም ከእነዚያ 296 ተወካዮች አንዱ ነበሩ። ሲደግፉ ፈሪ ያላቸው አልነበረም፤ ያን ዕለት ያመኑትን ወሬም ማንም ወሬ አላለውም።