የፊሊፒንስ ባህላዊ ውዝዋዜዎች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት፤ ውዝዋዜዋም የየደሴቱና የየመንደሩ ነው። አንዱ ከመኸር፣ አንዱ ከሠርግ፣ ሌላው ከቅዱሳን ክብረ በዓል ጋር የተያያዘ ነው። «የፊሊፒንስ ውዝዋዜ» ተብለው በአንድ ስም መጠራት የጀመሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በመጀመሪያ ወደ ወረቀት፣ ቀጥሎም ወደ ትምህርት ቤትና መድረክ ሲገቡ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስፔኖች በፊት የነበረው በጽሑፍ እምብዛም አልተያዘም። ከ1565 እስከ 1898 በዘለቀው የስፔን አገዛዝ ዘመን ሆታ፣ ፋንዳንጎ፣ ፖልካ፣ ማዙርካና ሃባኔራ የሚባሉ የውጭ ውዝዋዜዎች ገቡ። ሕዝቡ ግን እንዳሉ አልተቀበላቸውም፦ በሆታ ላይ በእጅ ተይዞ የሚንቋቋው ካስታኔት የተባለው የስፔኖች የእንጨት መሣሪያ ብዙ ቦታ በቀርከሃ ተተካ፤ ፋንዳንጎም «ፓንዳንጎ» ተብሎ ኩራዝ ተሸከመ። አጃቢው ሮንዳልያ የሚባለው የክር መሣሪያዎች ቡድን ሲሆን ባንዱሪያ፣ ላውድ፣ ኦክታቪና፣ ጊታርና ባስ ይይዛል።

ፍራንሲስካ ሬየስ አኪኖ

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሠራው እርምጃ አብዛኛው የተረፈው በአንዲት መምህርት ብዕር ነው ቢባል አልተጋነነም። ፍራንሲስካ ሬየስ አኪኖ በ1899 በቡላካን ግዛት ተወለደች። በ1926 ለፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበችው የማስተርስ ጥናት የሕዝብ ውዝዋዜና ጨዋታ ነበር። በ1934 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆርሄ ቦኮቦ የአገሩን ውዝዋዜና ዜማ የሚያጠና ኮሚቴ ሲያቋቁም ሥራው በእሷ፣ በሙዚቀኛው አንቶኒኖ ቡዌናቬንቱራና በፎቶ አንሺው ራሞን ቶሌንቲኖ ላይ ወደቀ። ሦስቱ ከአውራጃ አውራጃ እየዞሩ ሽማግሌዎችን አስጨፍረው እግሩን፣ ዜማውንና ልብሱን መዘገቡ።

የአመዘጋገቧ ብልሃት ቀላል ነው፦ አለባበስ፣ የሙዚቃው ምት፣ የተወዛዋዦች አቋቋም፣ ከዚያም በየምቱ የትኛው እግር ወዴት እንደሚሄድ። ውዝዋዜውን አይቶ የማያውቅ የክፍለ ሀገር መምህርም ከወረቀቱ ማስተማር ይችላል። የቀደሙ ሥራዎቿ በሬየስ ቶሌንቲኖ፣ የኋለኞቹ በአኪኖ ስም ስለወጡ ሁለት ሰው የሚመስላቸው አሉ፤ አንድ ናት። በ1962 ለእስያውያን የሚሰጠውን የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት፣ በ1973 ደግሞ በውዝዋዜ ዘርፍ የመጀመሪያውን «ብሔራዊ አርቲስት» ማዕረግ አገኘች። በ1983 አረፈች።

ቲኒክሊንግ

ከሌይቴ ደሴት የመጣው ቲኒክሊንግ ስሙን ያገኘው ቲክሊንግ ከተባለች እግረ ረጅም የሩዝ ማሳ ወፍ ነው፤ ወፏ ገበሬ ያጠመደውን የቀርከሃ ወጥመድ እየዘለለች ስታመልጥ ያሳያል። ስፔኖች ሰነፍ ያሉትን ሠራተኛ በሁለት ቀርከሃ መካከል አቁመው ሲቀጡ የተወለደ ነው የሚለው ትረካም በስፋት ይነገራል፤ ወፏን የሚያስቀድመው ትረካ ግን ከራሱ ከስሙ ይነሣል።

የሚያስፈልገው 2.7 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት ወፋፍራም ቀርከሃዎች፣ ከሥራቸው በየጫፉ አግድም የሚነጠፉ ሁለት የእንጨት ጉማጆች (ርዝመታቸው 75፣ ውፍረታቸው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል) እና ቀርከሃውን የሚይዙ ሁለት መቺዎች ናቸው። ሙዚቃው ባለ ሦስት ምት ነው። «አንድ» ሲባል ቀርከሃዎቹ ይጋጫሉ፤ «ሁለት»ና «ሦስት» ሲባል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተከፍተው ጉማጁን ሁለቴ ይመታሉ። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት ከመክፈቻው ተጀምሮ «ክፈት፣ ክፈት፣ ዝጋ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ዑደቱ ያው ነው፣ መነሻው ብቻ ይለያል። ሁለቱን አቆጣጠር የለመዱ ሰዎች ሳይነጋገሩ አብረው ከጀመሩ ግን ቁርጭምጭሚት መመታቱ አይቀርም።

ተወዛዋዡ ቀርከሃው በቀኙ ሆኖ ይቆማል። በ«አንድ» በግራ እግሩ ውጭ ይረግጣል፤ በ«ሁለት» ቀኙን፣ በ«ሦስት» ግራውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በሚቀጥለው «አንድ» በቀኙ በማዶ ይወጣል። ከዚያ ግራና ቀኝ በተራ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ግራው ወደ መጀመሪያው ወገን ይወጣል። እግሮቹ ሁልጊዜ ይፈራረቃሉ፤ አንድ እግር ሁለቴ ከተደገመ መውጫው ጠፋ ማለት ነው።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመቺው ነው። ቀርከሃውን ከፍ አድርጎ ካነሣ የሚዘጋው በቁርጭምጭሚት ላይ ነው፤ በጉማጁ ላይ እያንሸራተተ ነው መዝጋት ያለበት። ጣቱን ከቀርከሃው ሥር ካሾለከ በቀርከሃውና በጉማጁ መካከል ይቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ከላይና ከጎን ይያዛል። ሙዚቃው ወደ መጨረሻው ስለሚፈጥን ሁለቱ መቺዎች ዓይን ለዓይን መተያየት አለባቸው። ጀማሪ በወለል ላይ በኖራ በተሰመሩ ሁለት መስመሮች ይለማመድ፤ እግሩን ማየት ሲተው ወደ ቀርከሃው ይግባ።

ቲኒክሊንግ ብሔራዊ ውዝዋዜ ነው ይባላል። ስለ ካሪንዮሳም፣ በማራገቢያና በመሐረብ ፊት እየሸፈኑ ስለሚሽኮረመሙበት የፓናይ ደሴት ውዝዋዜ፣ እንዲሁ ይባላል። ክርክሩ የሚያዋጣ አይመስልም።

ኩራዝ፣ ብርጭቆ፣ የኮኮናት ቅርፊት

ፓንዳንጎ ሳ ኢላው ከሚንዶሮ አጠገብ ካለችው ሉባንግ ደሴት ነው። ሴቷ ሦስት የዘይት ኩራዝ ትሸከማለች፦ አንዱ በአናት፣ ሁለቱ በእጆቿ ጀርባ። ሚስጥሩ ያለው ጉልበት ላይ ነው፤ ጉልበት ካልላላ የእርምጃው ንዝረት አናት ይደርሳል። የፓንጋሲናን ግዛት ውዝዋዜ የሆነው ቢናሱዋን ከሩዝ የተጠመቀ መጠጥ የያዙ ብርጭቆዎችን በአናትና በእጅ ይዞ መንከባለልን ይጠይቃል።

ማግላላቲክ የወንዶች ነው፤ መገኛው በላጉና ግዛት ያለችው የቢንያን ከተማ ናት። ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት በደረት፣ በጀርባ፣ በዳሌና በጭን ላይ ይታሰራል፤ በሁለቱም እጅ ይያዛል። ቀይ ሱሪ የለበሱት ሞሮዎች (ሙስሊሞች)፣ ሰማያዊ የለበሱት ክርስቲያኖች ሆነው ላቲክ ለተባለው የኮኮናት ወተት ዝቃጭ ይዋጋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች፣ ፓሊፓሳንና ባሊግታራን፣ ውጊያ ናቸው፤ ፓሴዎና ኤስካራሙሳ ዕርቅ። ማሰሪያው ከላላ ቅርፊቱ ወደ ጎን ዞሮ ምቱ ሥጋ ላይ ያርፋል።

ደቡቡና ተራራው

ሲንግኪል በደቡቧ ሚንዳናዎ ደሴት የሚኖሩት የማራናዎ ሕዝብ ውዝዋዜ ነው። ስሙ ከቁርጭምጭሚት ጌጥ ጋር ይያያዛል፤ ታሪኩ በዩኔስኮ ከተመዘገበው ዳራንገን ከተሰኘው ረጅም ግጥም፣ በምድር መንቀጥቀጥ በሚወድቁ ዛፎች መካከል ከተራመደችው ልዕልት ነው። እጆቿ ማራገቢያ ይዘው በእርጋታ ሲንቀሳቀሱ እግሮቿ በተጠላለፉ የቀርከሃ ዘንጎች መካከል ይሻገራሉ። ዓለም የሚያውቀው፣ ከልዕልቷ ጋር ልዑል የሚወዛወዝበት ትርኢት ግን በ1957 በሄሌና ቤኒቴስ የተመሠረተው የባያኒሃን ቡድን የመድረክ ቅንብር ነው። በመንደር የሚሠራው የሴቶች ውዝዋዜ ነው፤ ሩጫም የለበትም። ባያኒሃን በ1958 የብራስልስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ የአገሩን ስም አስጠርቷል፤ በ1998 ደግሞ በሕግ ብሔራዊ ቡድን ተብሏል። ይሁንና የማራናዎውን፣ የታውሱጉንና የማጊንዳናዎውን ውዝዋዜ «የሙስሊም ክፍል» ብሎ በአንድ ጆንያ መክተት የልማድ እንጂ የእውቀት አከፋፈል አይደለም። የሱሉ ደሴቶች ታውሱጎች ውዝዋዜ የሆነው ፓንጋላይ ራሱን የቻለ ነው፦ እግር እምብዛም አይነሣም፣ ጣቶች በረጃጅም የብረት ጥፍሮች ወደ ኋላ ይታጠፋሉ።

በሰሜን የኮርዲዬራ ተራሮች ምቱን የሚሰጠው ጋንግሳ የተባለው ጠፍጣፋ የነሐስ ጎንግ ነው። የካሊንጋ ሴቶች በባንጋ ውዝዋዜ እንስራ በእንስራ ላይ አናታቸው ላይ ይደረድራሉ፤ ከሥር የጨርቅ ክብ ይቀመጣል፤ አንገት ቀጥ፣ ዓይን ወደፊት፣ እርምጃው አጭር።