«ሲኒማ» ስለሚባሉት ትንንሽ ካሜራዎች የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ሶኒ በ2021 ኤፍኤክስ3ን ካወጣ ወዲህ በአንድ እጅ የሚያዝ «ሲኒማ ካሜራ» ፋሽን ሆኗል። በ2022 አነስተኛ ሴንሰር ያለው ኤፍኤክስ30 ተከተለ። በ2025 ደግሞ የሶኒ ኤፍኤክስ2፣ የካኖን ሲ50 እና የኒኮን ዜድአር በአንድ ዓመት ውስጥ ወጡ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፎቶም ቪዲዮም ለሚሠራ ሰው ምርጫው በዝቷል። ምርጫ ሲበዛ ወሬም ይበዛል። ደጋግመው የሚሰሙትን እንያቸው።

«ሲኒማ ካሜራ ስለሆነ ምስሉ ከመደበኛው ካሜራ ይበልጣል»

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ይሄ ነው። ግን ውስጣቸውን እንመልከት። የኤፍኤክስ3 ሴንሰር ኤ7ኤስ 3 ላይ ያለው ነው። የኤፍኤክስ2 ሴንሰር ከኤ7 4 የመጣ ነው። የዜድአር ከዜድ6 3 ነው። የሲ50 ሴንሰር ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ በካኖን አር6 ማርክ 3 ላይ መጣ። ተመሳሳይ ሌንስ፣ ተመሳሳይ ብርሃንና ተመሳሳይ የቀረጻ ዓይነት ከተጠቀሙ፣ የኤፍኤክስ3ን ክሊፕ ከኤ7ኤስ 3 ክሊፕ በዓይን መለየት ከባድ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምንድን ነው? በብዛት ለአካሉ። የሶኒዎቹና የሲ50 ማቀዝቀዣ ፋን አላቸው፤ ረጅም ቃለ ምልልስ ሲቀረጽ ካሜራው ግሎ አይጠፋም። የሶኒዎቹ አካል ላይ የብሎን ቀዳዳዎች ስላሉ ማይክና ሞኒተር ለመስቀል የግድ የብረት ማቀፊያ አያስፈልግም። ኤፍኤክስ3 እና ሲ50 የኤክስኤልአር ማይክ የሚቀበል እጀታ ይዘው ይመጣሉ። መቅረጹን የሚያሳውቅ ቀይ መብራት፣ በዲግሪ የሚቆጠር ሹተር፣ ስክሪኑ ላይ ከለሩን የሚያሳይ ለት፣ እነዚህ ሁሉ ሥራ ያቀላሉ። ምስሉን ግን በራሳቸው አያሳምሩትም። ሥራዎ አጫጭር ክሊፕና ፎቶ ከሆነ መንትያው መደበኛ ካሜራ ይሻልዎት ይሆናል።

«ዜድአር ማለት ርካሽ ሬድ ነው»

ኒኮን የሲኒማ ካሜራ አምራቹን ሬድን የገዛው በ2024 ነው። ዜድአር የሁለቱ የመጀመሪያ የጋራ ልጅ ስለሆነ ወሬው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ካሜራው በአር3ዲ ኤንኢ፣ ማለትም በሬድ ጥሬ የቪዲዮ ፎርማት፣ ይቀርጻል፤ የከለር አሠራሩም ከሬድ ካሜራዎች ጋር እንዲገጥም ተደርጓል። በሬድ እየሠሩ ሁለተኛ ካሜራ ለሚፈልጉ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ኤዲት ላይ ሁለቱን ማመሳሰል ይቀላል። ሴንሰሩ ግን የኒኮን ነው። ፋይሉም ባለ 12 ቢት ነው፤ የትልልቆቹ ሬዶች 16 ቢት ነው (ቢቱ ሲበዛ የቀለም ደረጃው ይበዛል)። ጥሩ ካሜራ ነው፣ ሬድ ግን አይደለም።

«ፉል ፍሬም ካልሆነ ሲኒማ አይሆንም»

ፉል ፍሬም ማለት የድሮውን የ35 ሚሊ ሜትር ፎቶ ፊልም የሚያህል ትልቅ ሴንሰር ነው። ወሬው ግን የታሪክ አለማወቅ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ፊልም የተቀረጸው በአብዛኛው ከፉል ፍሬም በሚያንሰው፣ ሱፐር 35 በሚባለው የፊልም መጠን አካባቢ ነው። ያ መጠን ከኤፍኤክስ30 ሴንሰር ጋር ይቀራረባል። የፉል ፍሬም ጥቅም ሌላ ነው፤ በጨለማ ይረዳል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰፊ እይታ ማግኘትም ይቀላል።

«ኬው በበዛ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል»

ኬ የሚባለው የምስሉን ስፋት በሺህ ፒክሰል የሚቆጥር ነው፤ የ4ኬ አንድ ፍሬም 8.3 ሚሊዮን ፒክሰል ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ፒክሰል የሚጠቅመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ካሜራው ከ6ኬ ወይም ከ7ኬ ጨምቆ 4ኬ ሲሰጥ ዝርዝሩ ይጠራል። ሁለተኛው፣ ኤዲት ላይ መቁረጥ ሲፈልጉ ነው። ሲ50 ሙሉውን ባለ 3 ለ 2 ሴንሰር በ7ኬ ስለሚቀርጽ፣ ከአንዱ ክሊፕ አግድሙንም ለስልክ የሚሆነውን ቁመቱንም ማውጣት ይቻላል። ለሁለት መድረክ የሚሠራ ሰው ይሄን ይወደዋል።

ብዙ ፒክሰል ግን ዋጋ አለው። ሴንሰሩ ከላይ እስከ ታች የሚነበበው በአንዴ ሳይሆን መስመር በመስመር ነው። ፒክሰሉ ሲበዛ ንባቡ ይዘገያል፤ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ምሰሶውና በሩ ይንጋደዳሉ። 12 ሜጋፒክሰል ብቻ ያለው ኤፍኤክስ3 አንድ ፍሬም ለማንበብ 9 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። 33 ሜጋፒክሰል ያለው ኤፍኤክስ2 በሙሉ ሴንሰሩ ሲቀርጽ ከ25 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ ኤፍኤክስ2 በሴኮንድ 60 ፍሬም 4ኬ ሲቀርጽ የሴንሰሩን መሀል ብቻ ነው የሚጠቀመው። ቁጭ ብሎ ለሚያወራ ሰው ምንም ችግር የለውም። ስፖርትና ጭፈራ ላይ ግን ያስታውቃል። የዜድአር ሴንሰር በከፊል የተደራረበ ስለሆነ 24.5 ሜጋፒክሰል ይዞም ፈጣን ነው። ስለዚህ የኬውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የንባብ ፍጥነቱንም ይጠይቁ።

«አይኤስኦ ዝቅ ሲል ሁልጊዜ ምስሉ ንጹሕ ይሆናል»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ ቀረጻ የሚበላሸው በሱ ነውና።

በፎቶ ዓለም ያደገ ሰው አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) ከፍ ማለት ጥፋት እንደሆነ ተምሯል። እነዚህ ካሜራዎች ግን በሎግ (ከለሩ ኤዲት ላይ እንዲስተካከል ምስሉን አፍዝዞ በሚይዝ የቀረጻ ዓይነት) ሲቀርጹ ሁለት መነሻ አይኤስኦ አላቸው። ሴንሰሩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የማጉያ መንገዶች አሉ፤ ሁለተኛው መንገድ ሲበራ ኖይዙ (ምስሉን የሚያቆሽሸው ነጠብጣብ) በአንዴ ይቀንሳል። ኤፍኤክስ3 ላይ መነሻዎቹ 800 እና 12,800 ናቸው። ኤፍኤክስ30 ላይ 800 እና 2,500፣ ኤፍኤክስ2 ላይ 800 እና 4,000 ናቸው። ሲ50 ላይ 800 እና 6,400 ነው። ዜድአርም በአር3ዲ ኤንኢ ሲቀርጽ እንደዚያው 800 እና 6,400 ነው።

በተግባር ምን ማለት ነው? ኤፍኤክስ3 ይዞ ማታ ሰርግ ቤት የገባ ሰው «12,800 ይበዛል» ብሎ በ6,400 ቢቀርጽ ምስሉ የባሰ ይቆሽሻል። የመጀመሪያውን መንገድ እስከ ጫፉ እየጎተተው ነዋ። ደፍሮ 12,800 ላይ ቢያደርገውና ብርሃኑ ከበዛ በሌንሱ ወይም በፊልተር ቢቀንሰው ይሻለው ነበር። የኤፍኤክስ30 ባለቤት ደግሞ ያንን ምክር ሰምቶ 12,800 ላይ ቢሰቅለው ጉድ ይሆናል፤ የሱ ሁለተኛ መነሻ 2,500 ላይ ነው። የአንዱ ካሜራ ምክር ለሌላው አይሠራም።

እዚሁ ላይ ሌላ ወሬ አለ፦ ሎግ ሁልጊዜ በሁለት ስቶፕ ከፍ ተደርጎ ነው የሚቀረጸው የሚል (አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። ጥላው ንጹሕ እንዲሆን ትንሽ ከፍ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። ነጭ ልብስና ደመና ባለበት ቦታ ግን ሁለት ስቶፕ ከጨመሩ ነጩ ይቃጠላል። የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በምንም ከለር አይመለስም። መጀመሪያ የብርሃኑን መጠን ስክሪኑ ላይ የሚያሳዩትን ዜብራውን ወይም ዌቭፎርሙን ያብሩ፤ ነጩ የት እንደደረሰ አይተው ከዚያ ይወስኑ።

«ሲኒማ ካሜራ ስለሆነ ኤንዲ አብሮት አለ»

ኤንዲ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ ፊልተር ነው። ከላይ ከጠቀስኳቸው አምስቱ አንዱም የለውም። ትልቁ ወንድማቸው ኤፍኤክስ6 አለው፤ የካኖን ሲ70ም አለው። ሰው የሚሳሳተው እነዚህን ከትንንሾቹ ጋር እያምታታ ነው።

ምን ያህል ያስፈልጋል? በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 800፣ ትክክለኛው ብርሃን የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 እና ሹተሩ የሰከንድ 1/800 አካባቢ ሲሆን ነው። ቪዲዮው እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥ 1/50 ይፈልጋል፤ ይሄ 4 ስቶፕ ተጨማሪ ብርሃን ያስገባል። ከጀርባ ያለው እንዲደበዝዝ ሌንሱን ወደ ኤፍ 2.8 ሲከፍቱ ሌላ 5 ስቶፕ ይጨመራል። ድምሩ 9 ስቶፕ ነው፤ ብርሃኑን በ512 እጥፍ መቀነስ ማለት ነው። አንዳንድ ርካሽ ተለዋዋጭ ኤንዲ እዚህ ሲደርስ ምስሉ ላይ የኤክስ ቅርጽ ያለው ጥላ ያወጣል፤ ቆዳንም ያጠይማል። ለካሜራ ከመደቡት በጀት ላይ ለደህና ፊልተር ቆርጠው ያስቀምጡ። ከሁለተኛ ባትሪ በፊት እንኳ ይሄን ነው የምገዛው።

«ውስጣዊ ማረጋጊያ ካለው ጊምባል አያስፈልግም»

ሲ50 የሴንሰር ማረጋጊያ የለውም፤ ሌሎቹ አራቱ አላቸው። ስለዚህ ሲ50ን ወዲያውኑ የሚጥሉት አሉ፤ በዜድአር ደግሞ ጊምባላቸውን (ካሜራውን በሞተር ሚዛን የሚያስጠብቀውን መያዣ) ለመሸጥ የሚያስቡ አሉ። ሁለቱም ተቻኩለዋል። ማረጋጊያው የሚያጠፋው የእጅ መንቀጥቀጥን ነው። የእግር ርምጃ የሚፈጥረውን ከፍ ዝቅ ብዙም አያጠፋም። በጣም ሰፊ ሌንስ ላይ ደግሞ የምስሉ ጥግ እንደ ጄሊ ሲወዛወዝ ይታያል። ቆሞ በእጅ ለመቅረጽ ግን ማረጋጊያ ያለው ካሜራ በግልጽ ይሻላል። ሲ50ን በእጅ ለመያዝ ካሰቡ ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ይፈልጉ። ካሜራውን መኪና ላይ አስሮ ለሚቀርጽ ሰው ደግሞ የማይንቀሳቀስ ሴንሰር ጭራሽ ጥቅም ነው።

«15 ስቶፕ ይላል፤ ያኛው 14 ስለሚል ይሄ ይበልጣል»

ይሄ ቁጥር ካሜራው ከጥላ እስከ ነጭ በአንዴ የሚይዘውን የብርሃን ስፋት ይናገራል። አምራቾቹ ግን የሚለኩት በየራሳቸው መንገድ ነው። የመጨረሻዎቹ ስቶፖች በኖይዝ የተዋጡ ጥላዎች ናቸው፤ አንዱ ይቆጥራቸዋል፣ ሌላው ይተዋቸዋል። በተለያዩ ድርጅቶች ካሜራዎች መካከል ይሄን ቁጥር ማወዳደር ብዙ ትርጉም የለውም።

«ሮው ካልቀረጹ ካሜራውን አልተጠቀሙበትም»

ሮው ማለት ካሜራው ያላሳመረው ጥሬ ፋይል ነው። ዜድአርና ሲ50 ሮው በካርዳቸው ላይ ይቀርጻሉ። ሦስቱ ሶኒዎች ሮው የሚሰጡት በኤችዲኤምአይ ለውጭ መቅጃ ነው። ከዚህ ተነስቶ ሶኒዎቹን ኋላ ቀር የሚያደርግ ወሬ አለ።

የሮው ትልቁ ጥቅም ካሜራው ኖይዝ ሳያለሰልስና ሳያሾል ጥሬውን መስጠቱ ነው። ነጭ ባላንስንም እንደልብ መቀየር ይቻላል። ግን በየክሊፑ ኖይዝ የማጽዳት ጣጣው ወደ ኤዲተሩ ይዞራል። ባለ 10 ቢት ሎግ ለእያንዳንዱ ቀለም 1,024 ደረጃ ይይዛል፤ የድሮው 8 ቢት 256 ብቻ ነበር። ለአብዛኛው ሥራ 10 ቢቱ ይበቃል።

ከዚያ የቦታ ጉዳይ አለ። የሶኒ ከባዱ የ4ኬ ፎርማት፣ ኤክስኤቪሲ ኤስ-አይ፣ በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲቀርጽ 240 ሜጋቢት ይፈጃል። ይሄ በሰዓት 108 ጊጋባይት ነው። በ60 ፍሬም 270 ጊጋባይት ይሆናል። ይሄ እንግዲህ ሮው ሳይሆን ነው። ቀለል ያለው ባለ 100 ሜጋቢት ፎርማት ደግሞ በሰዓት 45 ጊጋባይት ብቻ ነው የሚይዘው። ሙሉ ቀን ለሚቀርጽ ሰው ልዩነቱ ሌላ ሃርድ ዲስክ መግዛትና አለመግዛት ነው። ያውም ለመጠባበቂያ ቅጂ ሁሉንም በሁለት ያባዙት። ሮው ለማስታወቂያና ለሙዚቃ ቪዲዮ ይሁን፤ ለስድስት ሰዓት ስብሰባ ሮው የሚቀርጽ ሰው ራሱን እየቀጣ ነው።

ካርዱንም እግረ መንገድ እናንሳ። ዜድአር የሚይዘው አንድ ሲኤፍኤክስፕረስና አንድ ማይክሮ ኤስዲ ነው። ትንሿ ካርድ ቀርፋፋ ስለሆነች ከባዱን ቪዲዮ በሁለቱም ላይ እኩል መቅዳት አይቻልም። የማይደገም ዝግጅት ለሚቀርጽ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኤፍኤክስ3 ሁለት እኩል ካርድ ይይዛል።

«ፎቶ ላይ አይረቡም»

ይለያያል። የኤፍኤክስ3 12 ሜጋፒክሰል ፎቶ በጥሩ የሕትመት ጥራት 36 በ24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ለአልበም ይበቃል፣ አጥብቆ ለመቁረጥ ግን አይመችም። ኤፍኤክስ30 እና ዜድአር መካኒካል ሹተር የላቸውም። በአንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ መስመር መስመር ሊወጣ ይችላል፤ በፍላሽ ለሚሠራ ሰውም ችግር ነው። ከአምስቱ ዓይን የሚያስጠጉበት መመልከቻ ያለው ኤፍኤክስ2 ብቻ ነው። ከሥራዎ እኩሌታው ፎቶ ከሆነ፣ ንባቡ ቢዘገይም ወደሱ ያዘነብሉ።

«32 ቢት ፍሎት ካለው ድምፅ አይበላሽም»

ከአምስቱ ይሄን የድምፅ አቀራረጽ በውስጡ የያዘው ዜድአር ነው። ሰው ድንገት ቢጮህ ወይም በጣም ቢያንሾካሹክ፣ ደረጃውን ኤዲት ላይ ማስተካከል ይቻላል። እዚህ ድረስ ወሬው እውነት ነው። ነገር ግን ፍሎቱ የሚጠብቀው ካሜራው ውስጥ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ማይኩ ሩቅ ከሆነ የክፍሉ ማስተጋባት አብሮ ይገባል። ነፋሱም እንደዚያው። የገመድ አልባው ማይክ አስተላላፊ ከመጠን በላይ ተከፍቶ ከሆነ፣ ድምፁ ካሜራው ጋ ሳይደርስ እዚያው ደረት ላይ ተሰነጣጥቋል፤ ካሜራው የተሰነጣጠቀውን ድምፅ በጥንቃቄ ይቀርጽልዎታል። ስለዚህ ቀረጻ ከመጀመርዎ በፊት የሚናገረውን ሰው ጮክ ብሎ እንዲያወራ ይጠይቁትና የአስተላላፊውን መጠን እሱ ላይ ያስተካክሉ።