ሞልሳይ ምንድን ነው?

ፈረንጅ አገር ሱፐርማርኬት ስትገቡ በር አካባቢ ወይም ገንዘብ መክፈያው ጋ ተደርድረው የሚሸጡ ትንንሽ ዛፎች አሉ። ጠፍጣፋ የሸክላ ዕቃ፣ ጠመም ያለ ግንድ፣ ከላይ ጠጠር፣ ጎኑ ላይ «ቦንሳይ» የሚል ወረቀት። አንዳንዴም ዓሣ የሚያጠምድ ትንሽዬ የሸክላ ሽማግሌ አብሮ ይቀመጥበታል። አሜሪካ ውስጥ በቦንሳይ ፍቅር የተለከፉ ሰዎች እነዚህን «ሞልሳይ» ይሏቸዋል፤ ሞል ውስጥ የሚሸጥ ቦንሳይ ለማለት ነው። ሹፈት አለበት።

የሚሾፈው ርካሽ ስለሆኑ አይደለም። አብዛኞቹ ቦንሳይ ስላልሆኑ ነው። ተራ የቤት ውስጥ ተክል ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ይገባና ስምና ዋጋ ይጨመርበታል፣ በቃ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። ቦንሳይ የሚባል የዛፍ ዘር የለም። ጥድም ቦንሳይ ይሆናል፣ ሜፕልም ይሆናል፣ የሾላ ዘመድም ይሆናል። ቦንሳይ የሚያደርገው የሰው እጅ ነው፦ ቅርንጫፉ ለዓመታት ይገረዛል፣ በሽቦ አቅጣጫ ይያዛል፣ በየተወሰነ ዓመት ከዕቃው ወጥቶ ሥሩ ይከረከማል፣ አፈሩ ይቀየራል። ዛፉ በተፈጥሮው ድንክ አይደለም፤ መሬት ላይ ተክላችሁ ብትተዉት እንደ ዘመዶቹ ያድጋል። እንዲያውም ደስ የሚለው፣ ቅጠሉ በመግረዝ ብዛት እያነሰ ሲሄድ አበባውና ፍሬው ግን አያንሱም። ክንድ የማታክል ዛፍ ላይ ሙሉ መጠን ያለው ፍሬ ተንጠልጥሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

እውነተኛውን ማየት ለሚፈልግ፣ ዲሲና አካባቢው ያለ አበሻ ዕድለኛ ነው። ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ የቦንሳይ ሙዚየም አለ፣ መግቢያውም በነጻ ነው። ስብስቡ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት 53 ቦንሳዮች በስጦታ በላከች ጊዜ ነው። ከነዚህ አንዱ ያማኪ የሚባል ቤተሰብ ያሳደገው ነጭ ፓይን ነው፤ ከ1625 ጀምሮ እየተገረዘ የኖረ። በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ዛፉ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር፣ ተርፏል። ሙዚየሙ ይህን ታሪክ ያወቀው በ2001 የቤተሰቡ የልጅ ልጆች ዛፉን ሊያዩ በመጡ ጊዜ ነው። ይህንን አይታችሁ ስትመለሱ የሱፐርማርኬቷ ወረቀት ትንሽ ታስቃችኋለች።

ከሞልሳዮቹ በጣም የሚሸጠው «ጂንሰንግ ፊከስ» የሚባለው ነው። ጂንሰንግ ከሚባለው የመድኃኒት ሥር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የኛ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን ብትቀነጥሱት ያው ነጭ ወተት ይወጣዋል። ከዘር ሲበቅል ሥሩ አፈር ውስጥ ያብጣል። ከዚያ ይነቀልና ያበጠው ሥር ወደ ላይ ወጥቶ እንደ እግር እንዲቆም ተደርጎ እንደገና ይተከላል፣ አናቱ ይቆረጥና ትንንሽ ቅጠል ያለው ሌላ ፊከስ ይቀጠልበታል። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ መቀጠያው በደንብ ይታያል፦ ወፍራም ጉቶ፣ ከጎኑ ድንገት ቀጭን ቅርንጫፍ። የዕድሜ ውፍረት የሚመስለው ያበጠ ሥር ነው። ተክሉ መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም ከሁሉም ቻይ ነው፣ ለጀማሪም እሱን ነው የምመክረው። ብቻ ፊከስ ብላችሁ ግዙት፣ በፊከስ ዋጋ።

«ላኪ ባምቡ» የሚባለውንማ ተዉት። ቀርከሃም አይደለም፣ ቦንሳይም አይደለም፤ ድራሴና የሚባል የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው። «የቦንሳይ ዘር» እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠውም ያው ነው። ብዙዎቹ ፓኬቶች ውስጥ ጃካራንዳ አለ፣ አዎ፣ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ሐምራዊ አበባውን የሚያራግፈው ያው ጃካራንዳ። ዘሩ የተለየ ነገር የለውም፣ የተለየው ካርቶኑ ነው።

እስካሁን ያለው ጉዳት የኪስ ብቻ ነው። የሚያናድደኝ የጥዱ ጉዳይ ነው። ትንሽ የጥድ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሥር እንዲያወጣ ይደረግና አንድ ሁለት ዓመት ሲሞላው «የቤት ውስጥ ቦንሳይ» ተብሎ ይሸጣል። ጥዱ የእስያ ዘር ነው፣ የሐበሻ ጥድ ዘመድ። ዓመቱን ሙሉ ውጭ መሆን ይፈልጋል፦ ፀሐይ፣ ንፋስ፣ ክረምት ላይ ደግሞ የሚያርፍበት ብርድ። ሳሎን ውስጥ ማሞቂያ አጠገብ ስታስቀምጡት ቀስ ብሎ ይሞታል። ክፋቱ ደግሞ መሞቱ አይታወቅም። ለገና የተቆረጠ ጥድ ሥር ሳይኖረው ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ እንደሚቆይ ሁሉ ይሄም ከሞተ በኋላ ሳምንታት ሙሉ ደህና ይመስላል። ባለቤቱ ውሃ ማጠጣቱን ይቀጥላል። ቅጠሉ ሲደርቅ «እኔ እጄ ለአትክልት አይሆንም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ያጠፋው ግን «ቤት ውስጥ» ብሎ የጻፈው ሻጭ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ የዛፉ ስም መኖሩን እዩ። «ቦንሳይ» ብቻ ከሆነ የሚነግራችሁ ነገር የለም፦ ፀሐይ ይወድ፣ ጥላ ይወድ፣ ብርድ ይችል አይታወቅም። ሻጩን «ዛፉ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቦንሳይ ነው» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሕይወት እንዳለው ለማወቅ ግንዱን በጥፍር ትንሽ ፋቅ ማድረግ ይበቃል፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከሆነ አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ክፍል ሞቷል። ሱቅ ውስጥ ስትፍቁ ግን እንዳትታዩ።

ጠጠሩንም ንኩት። ብዙ ጊዜ በሙጫ የተጣበቀ ነው፣ በመንገድ ላይ እንዳይበተን ተብሎ። ውሃ ስታጠጡ በላዩ ተንሸራትቶ ይፈሳል፣ ሥሩ ጋ በቅጡ አይደርስም። ቤት እንደገባ በፒንሳ ሰባብራችሁ አውጡት። ዕቃውን ገልብጣችሁም ከታች ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጡ፤ ከሌለው ውሃው ተጠራቅሞ ሥሩ ይበሰብሳል።

አንዴ ከተገዛ በኋላስ? ጥድ ከሆነ ውጭ አውጡት፣ በረንዳም ይሆናል፤ ገና ለመሞት ካልጀመረ ይተርፋል። ክረምት መሃል ከሆነ ግን ከሞቀ ቤት በቀጥታ በረዶ ላይ አትወርውሩት፣ ቀዝቀዝ ያለ ብርሃን የሚያገኝ ቦታ አቆዩትና ብርዱ ሲያልፍ አውጡት። ፊከስ ከሆነ በደንብ ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፣ አፈሩ በጣት ሲነካ ከላይ መድረቅ ሲጀምር ብቻ ይጠጣ።

ሞልሳይ ቦንሳይ ሊሆን ይችላል ወይ ለሚለው፣ ይችላል፣ በተለይ ፊከሱ። ሰው ግን ከመቀሱ ይጀምራል። ቀጭን ግንድ የሚወፍረው ቅርንጫፉ ሳይነካ ረዝሞ ሲያድግ ነው፤ ስለዚህ ያቺን ጠፍጣፋ ሸክላ ትታችሁ ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ አዛውሩትና ጥቂት ዓመት እንደፈለገ ይደግ። ቦንሳይ የማይመስልበት ጊዜ ይኖራል፣ ይጎፍራል፣ ያስቀይማል። መግረዝና ሽቦ ከዚያ በኋላ ነው።