የካሎሪ ጉድለት ምንድን ነው?

ጂም የሚመላለስ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ነገሩ ግን ከጂም ይልቅ ማጀት ውስጥ ነው ያለው።

ሰውነታችን ለመተንፈስ፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ፣ ለመራመድ ቀኑን ሙሉ ጉልበት ያወጣል። ጉልበቱ የሚለካው በካሎሪ ነው። ከምናወጣው ያነሰ ስንበላ ሰውነት የጎደለውን ከራሱ ክምችት፣ በተለይ ከስቡ፣ ይሸፍናል። ያ ልዩነት ነው የካሎሪ ጉድለት የሚባለው። ኬቶም (እንጀራና ዳቦን የመሰለ ካርቦሃይድሬት በጣም የሚቀንሰው አመጋገብ) በሉት፣ እራት መተውም በሉት፣ ስብ የሚቀንሱት ይህን ጉድለት ሲፈጥሩ ብቻ ነው።

ታዲያ ጾመኛ ሁሉ ለምን አይከሳም? ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም። ሆኖም ፋሲካ ሲደርስ ሱሪው የጠበበው ሰው ሞልቷል።

ዋናው ተጠርጣሪ ዘይት ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ግን በግራም 4 ገደማ ናቸው። ስቡ ከላም ይምጣ ከሱፍ፣ ሂሳቡ ያው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። እስቲ ወጥ ሲሠራ ልብ በሉ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል። ከዚያ ጀሪካኑ ዘንበል ይላል። የሚለካው በዓይን ነው፤ ማንኪያ የሚያነሳ የለም። በርበሬው ገብቶ ሲንተከተክ፣ ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ "ገና ነው" ይባላል። ያ የሚያብረቀርቅ ቀይ ሽፋን እንጀራው ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ለአንድ ሰው 3 ማንኪያ ከደረሰ 360 ካሎሪ ሆነ ማለት ነው። ሳህኑ ላይ ግን የጨመረ ነገር አይታይም፤ ሆድም አላወቀውም።

መፍትሔው ሽሮ መተው አይደለም። ሽንኩርቱን ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ረዘም አድርጎ ማቁላላት፣ ዘይቱን ደግሞ በማንኪያ ለክቶ መጨመር ነው። ምስር፣ ክክ፣ ባቄላና ጎመን ሆድ ላይ ይቆያሉ። ለቀነሰ ሰው ከእነሱ የተሻለ ወዳጅ የለም። ቡናውንም አትርሱት። በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከጨመራችሁ 100 ካሎሪ አካባቢ ጠጣችሁ።

ምን ያህል ይጉደል? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ነው። በሳምንት 3,500 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ስብ ወረደ ማለት ነው። "ይህቺ ብቻ?" ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይህቺ ብቻ። ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ ደግሞ የሚያወጣው ጉልበት ስለሚያንስ እሷም ትቀንሳለች።

ቸኩሎ ምግቡን በግማሽ የሚቆርጥ ሰው ምን እንደሚደርስበት በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወንዶች ፈቅደው ለ24 ሳምንታት በጣም የተቀነሰ ምግብ ሲበሉ ቆዩ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከዚያ በላይ የሚገርመው ጭንቅላታቸው ነው። ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚያነቡም ነበሩ። ገደቡ ሲነሳ ብዙዎቹ እስኪያማቸው በሉ። እና በሦስተኛው ሳምንት ማታ ማታ ፍሪጅ የሚከፍተውን ሰው "ወኔ የለህም" ማለት ትክክል አይመስለኝም። የያዘው እቅድ ነው የከፋው።

ሌላው ብዙዎች የሚስቱት ነገር፣ ጉድለት በሳምንት እንጂ በአንድ ቀን አይፈረድበትም። 6 ቀን 500፣ 500 አጎደላችሁ እንበል፤ 3,000 ሆነ። በሰባተኛው ቀን ሰርግ ተጠራችሁና 1,500 አሳለፋችሁ። አሁንም 1,500 ጎድሏል። የሚያበላሸው ሰርጉ ሳይሆን ማግስቱ ነው። "ካፈርኩ አይመልሰኝ" ብለን የተረፈውን ክትፎ ሳምንቱን ሙሉ የምንጨርሰው ነገር።

ሚዛኑም ያስደነግጣል። ከበዓል ማግስት 2 ኪሎ ጨምሮ ሊያሳይ ይችላል። 2 ኪሎ ስብ ለመሥራት ግን ከሚያስፈልጋችሁ በላይ 15,000 ካሎሪ ገደማ መብላት ነበረባችሁ። በአንድ ቀን ያን የሚችል ሆድ የት አለ? አብዛኛው ውሃ፣ ጨውና ገና ያልወጣ ምግብ ነው። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን አድርጎ ሲያስቀምጥ በእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይይዛል። በመጀመሪያው ሳምንት ክብደት በፍጥነት የሚወርደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚሄደው በአብዛኛው ውሃ ነው።

ከሚዛን የሚከብደው ዘመድ ነው። ትንሽ ስትቀንሱ "ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?" ይመጣል። ቀጥሎ ጉርሻ። "በሞቴ!" ከተባለ እምቢ አይባል። አንዱ ደግሞ "ያጣላል" ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። ተቀበሉ፣ ቀስ ብላችሁ አላምጡ፣ ከዚያ በጎመኑ በኩል ቁረሱ። ሁለት ጉርሻ የሳምንት ሂሳብ አይገለብጥም።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር ምግብ አይቀንስ። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል።

ለሌላው ሰው፣ ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ መመዘን ይሻላል። የአንዱን ቀን ቁጥር ተዉት፤ የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያዩ። ለሦስት ሳምንት ምንም ካልተንቀሳቀሰ እንጀራውን ከመቀነሳችሁ በፊት ወደ ዘይቱ ጀሪካን ተመለሱ።