እስጢፋኖስ መጀመሪያ የተሾመው ለምን ነበር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እህት ወንድሞቼ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ለጥቅምት 17 ለቅዱስ እስጢፋኖስ በዓለ ሲመት እንኳን አደረሳችሁ። ይሄን የምጽፈው ከቅዳሴ ወጥቼ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው፣ የእስጢፋኖስ ደጅ ከዚህ ይታየኛል፣ ጧፍ ሻጮቹም ነጠላ የለበሰው ሕዝብም ገና አልተበተነም፣ በአጥሩ ሥር ደግሞ ልጅ ታቅፈው የተቀመጡ እናቶች አሉ።

ሊቀ ዲያቆናት እንለዋለን፣ ቀዳሜ ሰማዕት እንለዋለን፣ በድንጋይ እንደተወገረ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ የተሾመው ለምን እንደነበር ግን ብዙዎቻችን አናስተውለውም፣ እኔም ለብዙ ዓመት አላስተዋልኩም ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱት። ምግብ እንዲያድል ነው የተሾመው። በቃ እሱ ነው። በየቀኑ ማዕድ ሲታደል ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ አንጎራጎሩ፣ «መበለቶቻቸውን ችላ ይሉባቸው ነበርና» ይላል። ማለት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ ሰዎች፣ በቋንቋና በመጡበት አገር ምክንያት አንዷ መበለት ስትደርሳት ሌላዋ አልደረሳትም። ሐዋርያቱ ባሉበት እኮ ነው ይሄ የሆነው!

እና ሐዋርያቱ ምን አደረጉ፣ «ወሬ ነው ዝም በሉ» አላሉም። «መንፈስ ቅዱስና ጥበብም የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች» ምረጡ አሉ። እህል ለማደል! እኛ ብንሆን ጉልበት ያለው ጎረምሳ ይበቃል እንል ነበር፣ እነሱ ግን ጥበብ ፈለጉ። ደግሞ የተመረጡትን ስም አንብቡ፣ እስጢፋኖስ ፊልጶስ ጵሮኮሮስ ኒቃሮና ጢሞና ጳርሜና ኒቆላዎስ፣ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ጭልፋውን ለተበደለው ወገን ነው የሰጡት።

ይሄ ነገር ዘንድሮ በጣም የከነከነኝ ምክንያት አለኝ። እኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ በጦርነቱ ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች እህልና ልብስ እናሰባስባለን፣ አብዛኞቹ መጠለያ ካምፕ የገቡ አይደሉም፣ እዚሁ ካዛንቺስና አራት ኪሎ ዙሪያ ዘመድ ጋ ወይ ኪራይ ቤት ተጠግተው ያሉ ናቸው። የምዝገባ ወረቀታችን ላይ «ከየት መጡ» የሚል መስመር ነበረው። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም፣ ግን አንድ ቀን ዝርዝሩን ቁጭ ብለን ስናየው ቶሎ ቶሎ የተጠሩት የኛው አካባቢ ሰዎች ሆነው አገኘናቸው፣ ዘመድ የሚያውቃቸው፣ አነጋገራቸው ለጆሯችን የሚጥም። ደነገጥኩ። መስመሩን ሰረዝነው፣ ከተፈናቀሉት መሀል ሁለት እናቶችን አዳይ አደረግን፣ ሚዛኑን አሁን እነሱ ናቸው የሚይዙት። ከዛ ወዲህ ሰልፉ ላይ የነበረው ዝምታ ራሱ ተለወጠ።

ስለ ጥበቡ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናት አለች፣ ልጆቿ እቴቴ ነው የሚሏት፣ ሦስት ልጆች ይዛ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው ያለችው። ምን ይጎድልሻል ስንላት «ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው መልሷ፣ በሁለተኛውም እንደዛ፣ በሦስተኛው ቤቷ ሄጄ ቡና ሳንጠጣ ዝም ብለን ስንጫወት ጥግ ላይ አንድ ባልዲ ሊጥ አየሁ፣ አቅርሮ ጎኑ ላይ ደርቋል፣ ሽታው ከበር ይቀበላችኋል። ለካ ዱቄቱን ሰጥተናታል ምጣድ ግን የላትም! የጎረቤት ምጣድ እስኪለቀቅላት ማታ ማታ ደጅ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ አንዳንዴ ተራው ሳይደርሳት ይመሻል፣ ሊጡ እስከ ነገ ይኮመጥጣል፣ ልጆቹም ያንኑ ኮምጣጣ እንጀራ ይበላሉ። «የሰው ምጣድ መለመን እኮ ከበደኝ» አለችኝ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ። እሷ አገሯ ላይ ጎረቤት ሁሉ እሷ ቤት መጥቶ የሚጋግር ሴት ነበረች።

ምጣድ ገዝተን ብንሰጣትስ? አከራይዋ መብራት ይቆጥራል ብላ የኤሌክትሪክ ምጣድ አትፈቅድም፣ ለእንጨት ደግሞ ግቢው አይመችም። ስለዚህ ምጣዱን ከመግዛታችን በፊት ሴትየዋን ቡና ጠርተን አናገርናት፣ የመብራቱን ድርሻ በየወሩ እኛ እንድንሸፍን ተስማማን። ክፉ ሰው አይደለችም፣ እሷም ኑሮ ከብዷት ነው። እቴቴ አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ትጋግራለች።

ስንዴም እንደዛው ነው። በአገራችን የተለመደው የእርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው ለአንድ ወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። 15 ኪሎ ለ30 ቀን ስታካፍሉት በቀን ግማሽ ኪሎ ማለት ነው፣ ያውም ጥሬ ስንዴ፣ ያልተበጠረ ያልተፈጨ። የወፍጮ ከየት ይምጣ? ብዙዎቹ ከዛችው ከራሽናቸው ላይ ሸጠው ነው የቀረውን የሚያስፈጩት። ቅዱስ ያዕቆብ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጅ የሚሸኘውን ምን ይጠቅማል ሲል እኔ ባዶ እጅ ስለማልሸኝ አይመለከተኝም እል ነበር፣ አሁን ግን ወፍጮውን ሳያስቡ ስንዴ መስጠትም ግማሹ «ጥገቡ» ብሎ መሸኘት ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ልብስም ስታመጡ እባካችሁ ራሳችሁ የምትለብሱትን አምጡ፣ ዚፑ የተበጠሰ፣ አንድ እግሩ የሌለው ጫማ ይመጣል፣ ያንን ለእንግዳ አናቀርብም። ፎቶም አታንሷቸው፣ ፊታቸው ፖስት ላይ ሲወጣ አገር ቤት የቀረ ዘመድ ያየዋል። ለሴቶቹ ደግሞ ሞዴስ አይረሳ፣ አፍረው አይጠይቁም።

አሁን ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የእመቤታችንን ስደት እያሰብን ብዙዎቻችን በፈቃዳችን እንጾማለን፣ ሌሊት ማኅሌቱ ይቆማል፣ ኅዳር 6 ቍስቋም ነው። ልጇን ታቅፋ በግብፅ በረሃ 3 ዓመት ከ6 ወር ተንከራተተች ብለን እናለቅሳለን፣ ማልቀሳችን ደግ ነው። ግን በጥቅምት 2013 በሰሜን በተነሳው ጦርነት ከቤታቸው ወጥተው፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሰላሙ ከተፈረመም በኋላ እስከ ዛሬ ያልተመለሱ አሉ፣ ቁጠሩት፣ ከእመቤታችን ስደት የረዘመ ስደት ላይ ናቸው። በሌላም አቅጣጫ ከወለጋም ከሌላም የተፈናቀሉ አሉ። እመቤታችንንም እኮ የሆነ ሰው በሩን ከፍቶላት ነው ውኃ የቀመሰችው፣ የሆነ ሰው ደግሞ ዘግቶባታል።

እና አባቶቻችን ለመንገደኛ ያላቸውን ቃል እስቲ አስቡት፣ አመሻሹ ላይ ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፣ መልሱም «ቤት ለእንግዳ» ነው። ከየት መጣህ የሚለው እግሩ ከታጠበ እራቱ ከቀረበ በኋላ ነው የሚመጣው። ተፈናቃይ የሚለው ቃል ለመዝገብ ይሁን ግድ የለም፣ በኛ አፍ ግን እንግዳ ብንላቸው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ለተፈናቃይ የተረፈንን ነው የምንሰጠው፣ ለእንግዳ ግን ያለንን።

የፊታችን ቅዳሜ እህሉን ወፍጮ ቤት ከመውሰዳችን በፊት ግቢ ውስጥ እንለቅማለን እናበጥራለን፣ ስንዴው ጠጠር ስለበዛው ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሰፌድና ወንፊት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው የምንጀምረው፣ እቴቴም ጋግራ እንደምታመጣ ነግራናለች።