የመጽሐፍ ትረካ ምንድን ነው?

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ ወይም ከአያት ተነስቶ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ሰልፉንና መንገዱን ሲደምረው፣ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ቢፈጅበት የሚገርመው የለም። በዚያ ግፊያ መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ የማይታሰብ ነው። ኢርፎን ሰክቶ ማዳመጥ ግን ይቻላል። ዳር ከተማ ከምንኖረው ብዙዎቻችን የትረካ ወዳጅ የሆንነው በዚህ መንገድ ነው። ሰልፍ ላይ ከጎንህ የቆመው ሰው «ምን እየሰማህ ነው?» ይልሃል፤ የመጽሐፉን ስም ስትነግረው ወዲያው «በማን ትረካ?» ይላል። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው እኩል ይመዝናል፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይበልጣል።

ትረካ ማለት አንድ መጽሐፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰው ድምፅ፣ ተነቦ ሲቀረጽ ነው። ኦዲዮ ቡክ የሚሉትም አሉ። ከሬዲዮ ድራማ ይለያል። ድራማ ሲሠራ ጽሑፉ ለተዋንያን እንደ አዲስ ይጻፋል፤ ገለጻው ወጥቶ በንግግርና በማጀቢያ ድምፅ ይተካል። በትረካ የደራሲው ዐረፍተ ነገር እንዳለ ይቆያል። መልክዓ ምድሩም፣ የገጸ ባሕርያቱ ሐሳብም፣ ጭቅጭቁም በአንድ አንደበት ያልፋል።

በውጭው ዓለም ነገሩ የተጀመረው ለዓይነ ስውራን ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሸክላ የተቀረጹ መጻሕፍትን ማዋስ ጀመረ፤ በ1935 ደግሞ በብሪታንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ። እኛም አገር ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ጓደኞቻቸው መማሪያ መጻሕፍትን በካሴት እያነበቡ ሲቀርጹላቸው ኖረዋል። ይህ ውለታ በትረካ ታሪካችን ውስጥ ብዙም አይነሳም፤ መነሳት ነበረበት።

ለሰፊው ሕዝብ ትረካን ያስተማረው ግን ሬዲዮ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለው ዝግጅት ልብ ወለዶችን በክፍል በክፍል ያሰማ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የተረከው የመድረክ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ያንን ትረካ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ሲያነብ ጉዱ ካሳ በወጋየሁ ድምፅ ይናገርበታል። መጽሐፉን ከነጭራሹ ሳያነቡ ፊታውራሪ መሸሻን የሚያውቋቸው ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ያወቋቸው በጆሮ ነው።

ታዲያ ተራኪ የሚሠራው ምንድን ነው? ማንበብ የሚችል ሁሉ መተረክ ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው አማርኛን ጮክ ብሎ ያንብብ። ፊደላችን ጥብቀትንና ልላትን አያሳይም። «ገና መጣ» የሚለውን ብንወስድ፣ «ና» ከጠበቀ በዓሉ ደርሷል፤ ከላላ ሰውየው አሁን መድረሱ ነው። «ልጁ አለ» ሲባልም «ለ» ከጠበቀ ልጁ በሕይወት ወይም በቤቱ መኖሩ ነው፤ ከላላ አንድ ነገር መናገሩ ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል ማንም አይሳሳትም፤ የተናገረው ሰው አጥብቆታልና። ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ዓይን ቢሳሳት ተመልሶ ያነባል። የሚያዳምጥ ሰው ግን ተራኪው ባጠበቀውና ባላላው ይሄዳል። አንድ ስህተት ሲሰማ ከታሪኩ ይወጣል፤ ሦስተኛው ላይ ያጠፋዋል። በቅርቡ የበዙትን በማሽን ድምፅ የተሠሩ ትረካዎች የሚያጋልጣቸውም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ድምፁ ጥርት ይላል፣ ጥብቀቱ ግን ይስታል።

ግጥም ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሁለት ትርጉም ያዘለ ስንኝ በጽሑፍ ሁለቱንም ይዞ ይቀመጣል፤ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ አንዱን መምረጥ አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጥሩ ተራኪ ቀስ ብሎ ያነብና ለአድማጩ ጊዜ ይሰጠዋል። ስንኙን እንደ ዜና አንብቦ የሚያልፍ ተራኪ የደራሲውን ልፋት አባከነ ማለት ነው።

ሌላም አለ። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» የሚል ንግግር ይመጣና «ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው» ይላል። ቀድሞ ያላነበበ ተራኪ ጥያቄውን ጮኾ ካለፈ በኋላ ነው በሹክሹክታ መሆኑን የሚያውቀው። ወንድ ተናገረው ሴት፣ ተቆጥታ ነው ወይስ እየሳቀች፣ ሁሉም ኋላ ይመጣል። ስለዚህ ተራኪ ገጹን አስቀድሞ ያጠናል፣ ማን ምን ብሎ እንደሚናገር ምልክት ያደርጋል፣ የት እንደሚተነፍስ ይወስናል። ግሡ ሳይደርስ ትንፋሹ ካለቀ ሐሳቡ ይቆረጣል። በሙያው ተጠናቆ የሚወጣ የአንድ ሰዓት ትረካ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀረጻ ይጠይቃል፤ እርማቱና ቅንብሩ ሳይቆጠር።

በገጸ ባሕርያት ድምፅ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። ለሴት ገጸ ባሕርይ ድምፁን የሚያቀጥን ወንድ ተራኪ፣ የገጠር ሰው በተናገረ ቁጥር አድማጭ እንዲስቅ አነጋገር የሚያጣምም ተራኪ አልወድም። የጎጃም ወይም የወሎ ገበሬ በአገሩ አነጋገር ሲናገር ክብሩን ይዞ ነው። ምርጦቹ ድምፃቸውን በጣም ጥቂት ነው የሚለውጡት፤ ፍጥነቱን ይቀንሳሉ፣ ወይም ከቃሉ በፊት ትንሽ ይዘገያሉ፣ ሽማግሌው መናገሩ ይታወቃል። በ2010 ያረፈው ተዋናይና ተራኪ ፍቃዱ ተክለማርያም በዚህ የታደለ ነበር። ያ ወፍራም ድምፅ ስጦታ ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ድምፁን የሚቆጥብበት መንገድ ነው። ከዘመኑ ሰዎች በሸገር ኤፍ ኤም የሚተርከውን አንዱዓለም ተስፋዬን ስሙት። ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል አጠገብህ ተቀምጦ የሚያወራህ ይመስላል፤ ጫጫታ በበዛበት አውቶቡስ ውስጥ እንኳን አይጠፋም።

አዲስ ትረካ ሲወጣ የመጀመሪያውን ደቂቃ ሰምቶ መፍረድ አይጠቅምም፤ መግቢያውን ሁሉም ተጠንቅቆ ነው የሚያነበው። መሀል ላይ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ቦታ ፈልጎ አሥር ደቂቃ መስማት ይሻላል። ማን እንደሚናገር ሳይምታታብህ ከተከተልከው ተራኪው ሥራውን ሠርቷል። ማጀቢያ ሙዚቃው ከድምፁ በላይ ከሆነ ግን እኔ አልቀጥልም።

የዳታ ነገርም አለ። በሰከንድ በ64 ኪሎ ቢት የተቀረጸ ትረካ በሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፤ አሥር ሰዓት የሚፈጅ ልብ ወለድ ከ300 ሜጋ ባይት በታች ነው ማለት ነው። ያንኑ ትረካ ከዩቲዩብ በምስል መልክ ከፍቶ መስማት ከዚህ በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ መብራትና ዋይፋይ ባለበት አውርዶ መውጣት ነው።

ትረካ ለሰው ሲጋብዙ የመጽሐፉን ስም ብቻ መላክ ጎደሎ ነው። አንድ መጽሐፍ በሁለት ሰው ተተርኮ አንዱ ሲያስለቅስ ሌላው ሊያስተኛ ይችላል። ደራሲው፣ ተራኪው፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሙሉ ነው ወይስ ተቀንሶ የቀረበ፣ እነዚህ ይነገሩ። ከየት እንደተገኘም ይነገር፤ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ብዙው ትረካ ደራሲው ሳይፈቅድ የተለቀቀ ነውና። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ያው አዋጅ የሥነ ጽሑፍ ሥራን በድምፁ ለሚያቀርብ ሰውም የራሱ መብት ይሰጠዋል፤ ተራኪውም በዚህ ውስጥ ይገባል። «ተራኪ» እንደተባለው ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች ላይ ከፍሎ መስማት ከአንድ ቀን የታክሲ ወጪ ብዙም የማይርቅ ከሆነ፣ ለእኔ ምርጫው ቀላል ነው።

ገና ለሚጀምር ሰው ረጅም ልብ ወለድ አላዝለትም። መንገዱ አጭር ከሆነ፣ ከሳሪስ ቃሊቲ ለሚመላለስ ሰው ለምሳሌ፣ በአንድ ጉዞ የሚያልቅ አጭር ልብ ወለድ ይሻለዋል። ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ለሚውለው የወጋየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እሰጠዋለሁ፤ ለብዙ ቀናት ይበቃዋል። በመደበኛው ፍጥነት ይስማው። ወጋየሁ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች ማፍጠን አይገባም።