ሎብስተሮች በባሕር ዳርቻና በላጉን መካከል የሚያደርጉት ወቅታዊ ጉዞ

በካናዳ ኩቤክ ግዛት ሥር ያሉት የማግዳለን ደሴቶች የሚገኙት በሴንት ሎረንስ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። ደሴቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዟቸው ረጃጅም የአሸዋ ክምሮች ሲሆኑ፣ በአሸዋው መካከል የተከለለው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ ላጉን ይባላል። ከባሕሩ ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያ ነው፤ የአሜሪካ ሎብስተርም (ጠንካራ ቅርፊትና ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫዎች ያሉት የባሕር እንስሳ) የሚገባውና የሚወጣው በዚሁ በር ነው።

የሚያንቀሳቅሰው ከሁሉ በላይ ሙቀት ነው። በረዶው ቀልጦ ፀሐይ ስትበረታ የላጉኑ ውሃ ከውጭው ባሕር ቀድሞ ይሞቃል። ሎብስተር የገዛ ሰውነቱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ የውሃው ሙቀት የእሱም ሙቀት ነው። ስለዚህ ውሃው ሞቅ ሲል የምግብ ፍላጎቱ ይከፈታል፣ እድገቱ ይፋጠናል፣ የጠበበውን ቅርፊት ጥሎ አዲስ ያወጣል። እንቁላል የተሸከመች ሴት ደግሞ ይበልጥ ትጠቀማለች። እንቁላሎቿን ከጅራቷ ሥር አጣብቃ ከ9 እስከ 12 ወር ገደማ ትይዛቸዋለች፤ ፅንሶቹ ቶሎ መድረሳቸውም ሆነ መዘግየታቸው በውሃው ሙቀት ይወሰናል። ይህን ልዩነት ለመለየት እንስሳው ብዙ አይቸገርም፦ የልብ ምቱ በተለካባቸው ሙከራዎች ከ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ለውጥ እንኳ ተሰምቶታል።

ጥልቀት የሌለው ውሃ ፈጥኖ እንደሚሞቅ ሁሉ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ሲመጣ ሎብስተሮቹ ወደ ዳርቻው ባሕር ይመለሳሉ፤ ላጉኑንም በረዶ ይሸፍነዋል። ከዳርቻውም ብዙዎቹ የማዕበሉ ምት ወደማይደርስበት ጥልቅ ውሃ ይወርዳሉ።

በማግዳለን ትልልቅ ወንዞች ስለሌሉ የላጉኑ ጨዋማነት ከባሕሩ ብዙም አይርቅም። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ወደሚገኘው ግሬት ቤይ የተባለ የባሕር ወሽመጥ ግን ወንዞች ይገባሉ፤ ሙቀቱ ሎብስተሮቹን ቢስብም ጨው አልባው የወንዝ ውሃ ያባርራቸዋል። ጨው ያነሰበትን ውሃ ይበልጥ የሚሸሹት ሴቶቹ ናቸው፤ ከባሕሩ ርቆ ወደ ወንዞቹ በተሄደ ቁጥር ወንዶች የሚበዙትም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጉዞው የተጠናው በአብዛኛው በእንስሳው ላይ ምልክት አስሮ በመልቀቅና ዓሣ አስጋሪዎች መልሰው ሲይዙት ቦታውን በመመዝገብ ነው። ጉድለት ግን አለው። ምልክቱ የሚመለሰው ወጥመድ ከተጣለበት ቦታ ብቻ ነው፤ በማግዳለን ደግሞ የማስገሪያው ወቅት ወደ 9 ሳምንት ብቻ ነው። ድምፅ የሚያሰሙ አነስተኛ መሣሪያዎች በእንስሳው ጀርባ መለጠፍ ከተጀመረ ወዲህ፣ አንድን ሎብስተር ወጥመድ ሳያስፈልግ ለወራት መከታተል ተችሏል።